በሁለት ደቂቃ የሚያስተኛ ፍራሽ

ባሌ ተኝቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነበር። ይህን ስል ሰው የቀለድኩ ይመስለዋል፤ እውነቴን ነው።

የምንሠራበት ፋብሪካ የስፖንጅ ፍራሽ ያመርታል። እኔ ስፌት ክፍል ነኝ፤ የፍራሽ ሽፋን እሰፋለሁ፣ ዚፕ እገጥማለሁ። ባሌ ደግሞ መጀመሪያ ቆራጭ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የስፖንጅ ክምር በመጋዝ እየሰነጠቀ ፍራሽ የሚያወጣ። አንድ ቀን የፍራሽ ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ ተበላሸ። መለዋወጫው ይመጣል ተባለ፣ ሳይመጣ ቀረ። በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ከምሳ በኋላ በመጋዘኑ ሲያልፍ ባሌን አንድ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ አገኘው። ሊቆጣ ጠጋ ቢል ሰውየው ጭልጥ ብሏል። ዙሪያውን ጠየቀ። አብረውት ሲበሉ የነበሩት፣ «ኧረ አሁን ነው ከእኛ የተለየው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላውም» አሉት። ሌላ አለቃ ቢሆን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍበት ነበር። የእኛው ግን የጨው ተራራ ሲናድ ከሚያለቅሱት ሳይሆን ከሚልሱት ወገን ነው። «ይሄ ፍራሽ በሁለት ደቂቃ ሰው ያስተኛል!» እያለ ወደ ቢሮው ሮጠ።

በሳምንቱ ባሌ ነጭ ጋወን ለበሰ። ከመጋዘኑ ጎን አንዲት ክፍል ተሰጠችው፤ መጋረጃዋ ወፍራም፣ በሯ ላይ መስታወት ያላት። ከየዕለቱ ምርት አንድ ፍራሽ ይገባለታል። ጫማውን አውልቆ ይጋደማል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ በመስታወቱ እያየ ሰዓት ይይዛል፤ ባሌ ማንኮራፋት ሲጀምር ሰዓቱን ያቆማል። ከሦስት ደቂቃ በታች አንደኛ ደረጃ፣ እስከ አሥር ደቂቃ ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛ። ውጤቱ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ባሌ ሲነቃ ይፈርምበታል። ያለዚያ ካርድ አንድም ፍራሽ ከመጋዘን አይወጣም። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ የወጣ ፍራሽ አልነበረም። እኔም በየሽፋኑ ጥግ «በባለሙያ የተፈተሸ» የሚል ምልክት እሰፋለሁ፤ ባለሙያው የማን ባል እንደሆነ ግን አልጽፍም።

የስፌት ክፍል ሴቶች ይቀኑብኝ ነበር። «አንቺስ ታድለሻል፤ የኔው ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው የሚያድረው» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዚፔን እገጥማለሁ። ምን ልበላቸው? የታደለውን ሰው ማታ የማገኘው እኔ ነኝ።

ማንኮራፋቱን አልጠላውም ነበር። ሲያንኮራፋ ሰውየው አለ ማለት ነው። የምጠላው ድንገት ዝም ሲል ነው። ደረቱ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ አየር ግን አይገባም። በልቤ እቆጥራለሁ። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ከዚያ ከወንዝ እንደወጣ ሰው በኃይል ይስብና ይዞራል፣ እንደገና ማንኮራፋቱን ይቀጥላል። እሱ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። እኔ ቀጣዩን ዝምታ እየጠበቅሁ አነጋለሁ።

ጠዋት ሲነሣ ሌሊቱን በዱላ ሲቀጠቅጡት ያደሩ ይመስላል። ራሱን ያመዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሰላም ሲሉት ይነጫነጫል። ይህ ሰው ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ለስፌት መኪናዬ ሳይቀር «ቀበጢት» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ቀስ በቀስ ስም ማውጣቱ ቀረ፣ መሳቁ ቀረ፣ መጠየቁም ቀረ። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ አገኘሁት። አንድ እግሩ ካልሲ አድርጓል፣ ሌላኛው ካልሲ በእጁ ነው።

«ምነው?» አልኩት።

«እንጃ፤ ሁለተኛውን የማደርግበት ምክንያት አጣሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳይ ተውኩት። ካልሲውን እያየ፣ «አንዳንዴ ሳልነቃ ብቀርስ እላለሁ» አለኝ። ጎኑ ተቀምጬ ካልሲውን እኔ አደረግኩለት፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልመጣልኝም።

ለዘመድ ብናማክር ዘመድ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አማቴ፣ «ልጄን የሰው ዓይን በልቶት ነው፤ እንደዚህ በሰላም የሚተኛ ሰው ታይቶ ይታለፋል?» አሉ። ታላቅ ወንድሙ፣ «ሥራ ፈትነት ነው፤ ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ያስከፋዋል?» አለ። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ወሰድኩት። እዚያ ያለው ባለሙያ ለአምስት ደቂቃ አነጋገረውና ድብርት ነው አለ። በዚህ አልተሳሳተም። መድኃኒቱ ግን፣ «ዘና በል፣ እንቅልፍ ጨምር» የሚል ምክርና የእንቅልፍ ክኒን ነበር። ተኝቶ ለሚያድር፣ ተኝቶ ለሚውል ሰው እንቅልፍ ጨምር! ክኒኑን በዋጠባት ሌሊት ዝምታው ሠላሳ ደረሰ። በማግስቱ ክኒኑን ሽንት ቤት ደፋሁት።

የባሰው የመጣው በልጃችን ትምህርት ቤት ነው። የወላጆች ቀን ነበር፤ ልጃችን ግጥም ታነባለች። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ባሌ ማንኮራፋት ጀመረ። በክርኔ ጎሸም ባደርገው አልሰማኝም። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ፣ አዳራሹም አብሮት ዝም አለ፤ መጨረሻ ላይ በዚያ አስፈሪ ድምፅ አየር ሲስብ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጄ ግጥሟን አልጨረሰችም። ቤት ስንገባ አባቷን ሳታይ፣ «በሚቀጥለው እማዬ ብቻ ትምጣ» አለች። እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ውኃውን ከፍቶ እያለቀሰ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

በዚያ ሳምንት ስልኬን ትራሱ ሥር አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ድምፁን ቀዳሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ፣ እየጎተትኩት አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጸጥ ብላ አዳመጠች። ዝምታው ሲመጣ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገች ስትቆጥር አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ሌላ የሚቆጥር ሰው አገኘሁ። አንድ ሌሊት እዚያው አተነፋፈሱን በሚለካ ሽቦ ተጠላልፎ እንዲያድር አዘዘች።

ውጤቱ ሲወጣ ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ቀና አለች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መተኛት» አለ ባሌ።

«አይ፣ ሥራዎን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ነገርኩዎት እኮ።»

እኔ ገብቼ አስረዳሁ። ሐኪሟ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «እንግዲያው ይስሙኝ፤ እርስዎ ለዓመታት አልተኙም። ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል፣ አየር ሲያጥር አንጎልዎ ደንግጦ ይቀሰቅስዎታል። እርስዎ አያስታውሱትም እንጂ በአንድ ሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ነው። በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ የሚቀሰቅሱት ሰው ቀን ቢያንቀላፋ፣ ቢነጫነጭ፣ መኖር ቢያስጠላው ይገርማል?»

ባሌ፣ «ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?» አላት።

«አይደሉም። ሐዘኑንም አብረን እንከታተለዋለን፤ መጀመሪያ ግን ይተንፍሱ።»

ሆስፒታሉ ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ማሽን በውሰት ሰጠን፤ አየር የምትነፋ ትንሽ ሣጥን፣ ረጅም ቱቦ፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭንብል። የመጀመሪያው ሌሊት ዝሆን ያገባሁ መሰለኝ። በሁለተኛው በእንቅልፍ ልቡ አውልቆ ወረወራት። በሳምንቱ ተለማመዳት። በሦስተኛው ሳምንት ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆሞ አገኘሁት።

«ይሄ መጋረጃ መቼ ተሰቀለ?»

«ሁለት ዓመቱ።»

ዞሮ አየኝ። «ፀጉርሽስ? መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

«እሱም እንደዚያው፤ ከመጋረጃው ጋር ነው የመጣው» አልኩት።

ሳቀ። ያን ሳቅ ረስቼው ነበርና እንደ ልጅ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀበርኩ። በዚያው ዕለት ማሽኗን «እቴጌ» አላት፤ «አፍንጫዬን ይዛ የምታሳድረኝ እሷ ብቻ ናት» ብሎ። ልጃችንን የቤት ሥራ ሲያሠራት አመሸ። ሰውዬዬ ስም ማውጣት ጀመረ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

እኔ ግን እንቅልፌ አልተመለሰም። ማንኮራፋቱ ሲጠፋ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሣጥኗ በቀስታ ትተነፍሳለች፤ እሱ ይተንፍስ አይተንፍስ ለማወቅ በየጊዜው እጄን ደረቱ ላይ አኖራለሁ። ይተነፍሳል። አምኜ ዓይኔን እከድናለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እጠራጠራለሁ። ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ ታማሚዋ እኔ አይደለሁማ።

ጉድ የፈላው ፋብሪካ ነው። ባሌ ጋወኑን ለብሶ እንደ ወትሮው ተጋደመ። ሦስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ሃያ ላይ ሥራ አስኪያጁ መስታወቱን አንኳኳ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩም ጌታዬ፤ ደህና ነኝ።»

«ደህና ከሆንክ ለምን አትተኛም?»

በማግስቱም አልተኛም፣ በሠልስቱም። የሦስት ቀን ምርት ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ መጋዘን ተቆለለ። ሥራ አስኪያጁ በስፖንጅ ቀማሚዎቹ ላይ ጮኸ፤ ኬሚካሉን አስለወጠ። እኔን የሽፋን ጨርቅ ቀይሪ አለኝ። ሰውየው መተኛት ካቃተው ጥፋቱ የፍራሹ መሆን አለበት፤ መለኪያውማ ሊበላሽ አይችልም። በአራተኛው ቀን ባሌ ራሱ ቢሮው ገባ። እኔ የጨርቅ ናሙና ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«ጌታዬ፣ ፍራሹ ይጎረብጣል። መሃሉ ይሰምጣል፣ ጠርዙ ይቆማል። አንድ ሰዓት ስጋደምበት ወገቤን ያዘኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ይመስለኛል።»

«አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ ደረጃ ብለህ ፈርመህ የለ እንዴ?»

«ተኝቼ ነበራ» አለ ባሌ።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም፤ አዘነለት። እንቅልፍ እንዳጣ በሽተኛ ቆጥሮት ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ «ታከም፤ ፈቃድ እሰጥሃለሁ» አለው። የማሽኗን ነገር ከሌሎች ሲሰማ ግን አመሉ ተለወጠ። ማክሰኞ እኔን ብቻ ለይቶ አስጠራኝ።

«አንቺ አስተዋይ ሴት ነሽ እህቴ፤ ለዚህ ነው ላንቺ የምነግርሽ። ሐሙስ የሆቴል ሰው ይመጣል፤ ለሁሉም ክፍሎቹ ፍራሽ ሊያዝ ነው፣ ፈተናውን በዓይኔ ካላየሁ ብሏል። ረቡዕ ማታ ያቺን ማሽን ይርሳት። አንድ ሌሊት ነው፣ ማንም በአንድ ሌሊት አይሞትም። ሐሙስ ካልተኛ ክፍሉን እዘጋዋለሁ። መጋዙ ላይ ደግሞ ሰው አለበት፣ አልመልሰውም።»

እምቢ አልኩ ብል እንዴት ደስ ባለኝ! ያቺን ማሽን በስንት ልመና ቤቴ ያስገባሁት እኔ፣ ረቡዕ ማታ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣ «አንድ ሌሊት ብቻ» አልኩት። ሥራውን ቢያጣ ደግሞ ካልሲውን ይዞ ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። ሰበብ አይደለም፤ እንዲሁ ፈራሁ።

ባሌ አየኝ። ቢከራከረኝ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ካልሽ» አለና ጭንብሉን አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አኖረ።

አልዘገየም። ማንኮራፋቱ መጣ፣ ዝምታውም ተከትሎት መጣ። እንደ ድሮዬ ቆጠርኩ። ሃያ። ሃያ ስምንት። ሠላሳ። አማኑኤል! ሠላሳ አራት ላይ አልቻልኩም፤ ዘልዬ ተነሥቼ ጎሸም አድርጌ ገለበጥኩትና ጭንብሉን በጨለማ ፈልጌ አፍንጫው ላይ አሰርኩ። ማሠሪያው እጄ ላይ ተጠላልፎ ስታገል፣ «ኧረ እኔን ያድርገኝ!» እያልኩ ራሴን ስረግም ነበር። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና እስኪነጋ አየሁት። ሲነቃ ጭንብሉ ፊቱ ላይ ነው። ጭንብሉን ዳሰሰ፣ የቀሉትን ዓይኖቼን አየ፣ ተነሥቶ ለበሰ።

ሐሙስ ረፋድ የሆቴሉ ዕቃ ገዢ መጣ፤ ቁጥብ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ለፈተና የተመረጠው ሰፊ የሁለት ሰው ፍራሽ ስለነበር አዲሱን ሽፋን እንድገጥምለት እኔ ተጠራሁ። ባሌ በአንዱ ጎን ተጋደመ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ይዞ ከገዢው ጋር መስታወቱ ጋ ቆመ። የእኔ ዚፕ ደግሞ ጥግ ላይ ነከሰ። ለማላቀቅ በሌላው ጎን ቁጢጥ አልኩ። መጋረጃው ወርዷል፣ ክፍሉ ለብ ብሏል፣ ባሌ ጎኔ ዓይኑን ገልጦ በጥሩ ሁኔታ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ እጄን ደረቱ ላይ ማድረግ እንኳ አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝን ነው የምናገረው። ዚፑን እንደያዝኩ ወደ ጎን ዘመም ብዬ ቀረሁ አሉ። የሆቴሉ ሰው፣ «ይቅርታ፣ የምትለኩት ሰውየውን ነው ሴትየዋን?» ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን አላሸም፤ «ባለሙያዋ እሷ ናት፣ እሱ ረዳቷ ነው» አለና ሰዓቱን አቆመ። ሊገቡ ሲሉ ባሌ ተነሥቶ በሩን ያዘ። ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው አላስገባም። ሥራ አስኪያጁ ገዢውን ሻይ እየጋበዘ አቆየው።

ስነቃ ጋወኑ ላዬ ላይ ተደርቧል፤ ባሌ መሬት ተቀምጦ ጀርባውን ፍራሹ ላይ አስደግፏል። ሥራ አስኪያጁ ካርዱን ይዞ ሮጦ ገባ፣ ገዢው ተከተለው።

«አንድ ደቂቃ ከሃያ! ከባልሽም ትበልጫለሽ! ከነገ ጀምሮ ክፍሉ ያንቺ ነው። በይ እዚህ ጋ ፈርሚ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። አፍሬም ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፣ እውነት ለመናገር እስክሪብቶውን ልቀበለው እጄን ዘርግቻለሁ። ባሌ ግን ቀደመኝ። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳይቸኩል ጻፈና ለሆቴሉ ሰው ሰጠው። ሰውየው ጮክ ብሎ አነበበው።

«ፍራሹ ይጎረብጣል። ሚስቴ ግን እኔ እንዳልሞት ስትጠብቅ አራት ዓመት አልተኛችም፤ ድንጋይ ላይም ትተኛ ነበር።»

እኔ የጋወኑን ጫፍ አፌ ላይ ይዤ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። የሆቴሉ ሰው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ፍራሹን በመዳፉ ጫን አድርጎ አየና ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ሥራችን እዚያ ላይ እንዳበቃ ለሁላችንም ገባን፤ ከሥራ አስኪያጁ በቀር። እሱ ካርዱን አንሥቶ ሁለቴ አነበበና፣ «ታዲያ ደረጃው ስንተኛ ልበል?» አለ።

ባሌ ጫማዬን ፈልጎ እግሬ ሥር አደረገልኝና፣ «ተነሽ ቤት እንሂድ፤ ዛሬ አንቺ ትተኛለሽ፣ የምጠብቅሽ እኔ ነኝ» አለኝ።